ስለ ንቧ ማን ይሟገታል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዛውንት ንብ አናቢ ከገጠር ተነስተው ቢሮዬ ድረስ መጡ። ወንበር ሳቀርብላቸው ለመቀመጥ እንኳ አልቸኮሉም። መጀመሪያ ከጋቢያቸው ሥር አንድ የክብሪት ቀፎ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ከፈቱት። ውስጡ የደረቁ ንቦች ነበሩ።

«ልጄ፣ ምስክሮቼ እነዚህ ናቸው» አሉኝ።

ጉዳያቸው አጭር ነው። ጎረቤታቸው የባቄላ ማሳው አበባ ባወጣበት ሰሞን፣ ረፋድ ላይ፣ የተባይ መድኃኒት ረጨ። በማግሥቱ አዛውንቱ ወደ ቀፎዎቻቸው ሲሄዱ ደጃፉ በሞቱና በሚንፈራገጡ ንቦች ተሸፍኖ አገኙት። ከሃያ በላይ ከነበሩት ቀፎዎች የተረፉት ስድስት ናቸው። ካሣ ይከፈለኝ ነው የሚሉት።

እኔም እንደ ሕግ ሰው ጥያቄዎቼን ደረደርኩ። የተረጨው ኬሚካል ምን ይባላል? ጠርሙሱ ተጥሏል። ንቦቹ የሞቱት በዚያ መርዝ መሆኑን ያረጋገጠ ላቦራቶሪ አለ? የለም። በዚያ ሳምንት ሌላ ሰው አልረጨም? ረጭቷል፤ ግማሹ ቀበሌ ረጭቷል። ከውል ውጭ ኃላፊነት በሚባለው የሕግ ክፍል ካሣ ለማግኘት ጉዳቱና የጉዳቱ ምክንያት ተያይዘው መቅረብ አለባቸው። የእኚህ ሰው ጉዳት በክብሪት ቀፎ ውስጥ ይታያል፤ ምክንያቱ ግን ከነፋስ ጋር ሄዷል። ነገሩ እንዴት እንዳለቀ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ያቺ የክብሪት ቀፎ ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ እንዳነብ አስገደደችኝ። ዓለም ስለ ንብና ስለ መሰሎቿ ምን ተስማምቷል? የተስማማውስ እኛ ዘንድ ምን ያህል ደርሷል? ዛሬ ለአንባቢ የማካፍለው ይህንኑ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከማሩ በስተጀርባ ያለው ሥራ

ሕግ ንብን የሚያውቃት በባለቤትነት ጥያቄ ነው። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያን በ6ኛው ምዕተ ዓመት ያስጻፈው የሕግ መጽሐፍ ንብ በተፈጥሮዋ የዱር ፍጥረት ናት ይላል። ከቀፎህ የወጣ መንጋ ያንተ የሚሆነው ከዓይንህ እስካልተሰወረና መከታተሉ እስካልከበደህ ድረስ ብቻ ነው። በ1960 የወጣው የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ንብ ሲያነሳ የሚያሳስበው ይኸው «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ነው። የምትሠራው ሥራ የማን እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

ሥራዋ ምንድን ነው? ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ስትዘዋወር በአካሏ ላይ የተጣበቀውን የአበባ ብናኝ ከወንዴው ክፍል ወደ ሴቴው ክፍል ታደርሳለች። የትምህርት ቤት መጽሐፍ «ርክበ ብናኝ» ይለዋል። ይህ ካልተፈጸመ ብዙው አበባ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ይህን ሥራ የምትሠራው የማር ንብ ብቻ አይደለችም። በዓለም ላይ ከ20 ሺሕ በላይ የንብ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ አብዛኞቹ ማር የማይሰጡና በቀፎ የማይኖሩ ናቸው። ዝንቦች፣ ቢራቢሮዎች፣ የእሳት ራቶች፣ ጥንዚዛዎች፣ ወፎችና የሌሊት ወፎችም አሉበት። ሁሉንም በአንድ ላይ አበባ አዳቃዮች ልንላቸው እንችላለን።

በ2007 የታተመ አንድ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት 115 የምግብ ሰብሎች መካከል 87ቱ በመጠኑም ቢሆን በእንስሳት አዳቃይነት እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። በክብደት ሲሰላ እነዚህ ሰብሎች የዓለምን ምርት 35 በመቶ ያህል ይይዛሉ። ቀሪው በአብዛኛው እህል ነው። ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ራሳቸውን በራሳቸው ያዳቅላሉ፤ በቆሎ ነፋስ ይበቃዋል። ስለዚህ ንብ ብትጠፋ የሰው ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ ያልቃል እየተባለ የሚነገረው ወሬ ነው። እንጀራው ይኖራል። የሚሳሳው ማባያው ነው።

ከማባያው መካከል ኑግን እንውሰድ። የኑግ ተክል በራሱ ብናኝ በአግባቡ ዘር አይቋጥርም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ነፍሳት ያስፈልገዋል። በመስከረምና በጥቅምት ያ ሁሉ ቢጫ ማሳ ወደ ዘይት የሚለወጠው በአብዛኛው በንብ ጉልበት ነው። ዱባም እንደዚሁ ነው፤ ወንዴና ሴቴ አበባው የተለያየ በመሆኑ ያለ አመላላሽ አያፈራም። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፖም፣ ለዘር የሚተከል ሽንኩርት፣ ሁሉም ለእነዚህ ነፍሳት ዕዳ አለባቸው።

ቡናስ? አረቢካ ቡና ራሱን በራሱ ማዳቀል ስለሚችል ለረጅም ጊዜ ንብ አያስፈልገውም ይባል ነበር። በ2004 ከኮስታ ሪካ የወጣ ጥናት ግን ከጫካ በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ያለው ቡና ምርቱ በ20 በመቶ እንደሚበልጥ፣ የቅርጽ ጉድለት ያለበት ፍሬም በ27 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ምክንያቱ ከጫካው እየወጡ አበባውን የሚጎበኙት ንቦች ናቸው። ተመራማሪዎቹ ከአንዱ እርሻ አጠገብ ያሉ ሁለት ቁራጭ ደኖች ለዚያ እርሻ ብቻ በዓመት 60 ሺሕ ዶላር ያህል እንደሚያስገኙ አሰሉ። ቡናችን ከከፋና ከያዩ ደኖች ጥላ ሥር ለሚወጣ ለእኛ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ከሳኦ ፓውሎ እስከ ሻርም ኤል ሼክ

ዓለም አቀፉ ጥረት መሠረቱ በ1992 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ለፊርማ የቀረበው የብዝሃ ሕይወት ኮንቬንሽን ነው። ኢትዮጵያ በ1994 አጽድቃዋለች። የኮንቬንሽኑ አባል አገሮች በ1996 በቦነስ አይረስ ባደረጉት ጉባዔ የአበባ አዳቃዮችን መመናመን ትኩረት እንዲያገኝ ነጥለው አነሱት። በ1998 ሳይንቲስቶች በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ተሰብስበው፣ በኋላ የሳኦ ፓውሎ መግለጫ የተባለውን ሰነድ አወጡ። በግንቦት 2000 ደግሞ ከጎረቤታችን ናይሮቢ የተቀመጠው አምስተኛው የአባል አገሮች ጉባዔ አዳቃዮችን የመጠበቅና በዘላቂነት የመጠቀም ዓለም አቀፍ ኢኒሼቲቭ አቋቋመ። አስተባባሪነቱም ለተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ለፋኦ፣ ተሰጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በሔግ የጸደቀው የድርጊት መርሐ ግብር አራት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ አዳቃዮች ምን ያህል እንደቀሩና ምን እንደሚያጠፋቸው ማጥናት። ሁለተኛ፣ ገበሬው ማሳውን የሚያስተዳድርበትን መንገድ ለእነሱ የሚመች ማድረግ። ሦስተኛ፣ የሰውና የተቋም አቅም መገንባት። አራተኛ፣ ጉዳዩን በየአገሩ የእርሻና የልማት ዕቅድ ውስጥ ማስገባት። በዚያው ሰሞን የአፍሪካ ተመራማሪዎችም የራሳቸውን የአዳቃዮች ኢኒሼቲቭ መሠረቱ።

ወረቀቱ ወደ ማሳ የወረደበት አንድ ፕሮጀክት ነበር። በዓለም አቀፉ የአካባቢ ፈንድ ገንዘብ፣ በፋኦ አስፈጻሚነት፣ በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በኔፓል፣ በፓኪስታንና በደቡብ አፍሪካ ተካሄደ። አገራችን ከሰባቱ ውስጥ አልነበረችም። በዚህ ሥራ ላይ የተመረኮዘና በ2016 የታተመ ጥናት በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 344 ማሳዎችን መረመረ። ከሁለት ሄክታር በታች በሆኑ ማሳዎች ላይ አበባውን የሚጎበኙ ነፍሳት ቁጥር ሲጨምር፣ ዝቅተኛ ምርት ከሚሰጠውና ከፍተኛ ምርት ከሚሰጠው ማሳ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ በ24 በመቶ ያህል ሊጠብ እንደሚችል አገኘ። ከሁለት ሄክታር በታች ያለው ገበሬ ማን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚያው ዓመት የካቲት ወር በኩዋላ ላምፑር የጸደቀው የመንግሥታቱ የብዝሃ ሕይወት ሳይንስ መድረክ ሪፖርት የነገሩን ክብደት በገንዘብ አስቀመጠው። በቀጥታ ከአዳቃዮች ሥራ የሚገኘው ምርት በዓመት ከ235 እስከ 577 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። አከርካሪ ካላቸው አዳቃዮች፣ ማለትም ከወፎችና ከሌሊት ወፎች ከመሳሰሉት፣ 16.5 በመቶ የሚሆኑት የመጥፋት አደጋ ተደቅኖባቸዋል። ስለ ነፍሳቱ በአፍሪካ ያለው መረጃ ግን እጅግ አነስተኛ መሆኑን ሪፖርቱ ራሱ ይመሰክራል። ያልቆጠርነው ነገር ሲጎድል አይታወቀንም።

በኅዳር 2018 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ መርሐ ግብሩ እስከ 2030 ታደሰ። በታኅሣሥ 2022 የጸደቀው የኩንሚንግ ሞንትሪያል ማዕቀፍም ሰባተኛው ግብ ላይ ከፀረ ተባይና ከአደገኛ ኬሚካሎች የሚመጣው ሥጋት በ2030 ቢያንስ በግማሽ እንዲቀነስ ይላል። በዚህ መካከል በስሎቬኒያ ጠያቂነት ግንቦት 20 ከ2018 ጀምሮ የዓለም የንብ ቀን ሆኖ ይከበራል።

«በተቻለ መጠንና እንደ አግባቡ»

እዚህ ላይ የሕግ ሰው ልማዴ ይመጣብኛል። ይህ ሁሉ ሰነድ ማንን ያስገድዳል? ኮንቬንሽኑ ሕግ ነው፤ በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረትም ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። ነገር ግን የኮንቬንሽኑ ዋና ዋና ግዴታዎች የተጻፉት «በተቻለ መጠንና እንደ አግባቡ» በሚል ሐረግ ነው። የናይሮቢና የሔግ ውሳኔዎች ደግሞ ከዚያም የላሉ ናቸው፤ አገሮችን ይጋብዛሉ፣ ያበረታታሉ፣ ያሳስባሉ። በእንዲህ ዓይነት ቃል ፍርድ ቤት ቀርቦ የረታ ሰው አላውቅም።

ጥረቱ ጥርስ ያወጣው በአውሮፓ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2013 ኒዮኒኮቲኖይድ ከሚባሉት ፀረ ተባዮች በሦስቱ ላይ ገደብ ጣለ። እነዚህ ኬሚካሎች በዘሩ ላይ ተቀብተው ከተክሉ ጋር ያድጋሉ፤ እስከ አበባው ብናኝ ድረስም ይደርሳሉ። አምራቾቹ ባየርና ሲንጀንታ ከሰሱ። ኮሚሽኑ በ2018 ክልከላውን አጥብቆ ከግሪን ሃውስ ውጭ መጠቀምን በሙሉ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይም የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት የኩባንያዎቹን ክስ ውድቅ አደረገ። ባየር ይግባኝ ብሎ በ2021 ዳግም ተረታ። አንዳንድ አባል አገሮች «አስቸኳይ ሁኔታ» እያሉ በጓሮ በር ይፈቅዱ ነበርና፣ በጥር 2023 ፍርድ ቤቱ በእነዚህ ኬሚካሎች ለተቀባ ዘር እንዲህ ያለ ፈቃድ መስጠት አይቻልም ሲል በሩን ዘጋው።

ከዚህ ክርክር የምንማረው የማስረዳት ሸክም ማን ላይ እንደወደቀ ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤቶች የተመሠረቱበት የጥንቃቄ መርህ፣ አሳማኝ የአደጋ ምልክት ካለ የመጨረሻው ማረጋገጫ እስኪገኝ መጠበቅ ግዴታ አይደለም ይላል። የእኔ ደንበኛ ግን ያንን ሸክም ብቻቸውን፣ በክብሪት ቀፎ፣ ተሸክመው ነው የመጡት።

ነገሩ ወደ እኛም በንግድ በኩል እየመጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በየካቲት 2023 ባወጣው ደንብ ከሦስቱ የሁለቱ ኬሚካሎች ቅሪት በምግብ ላይ ሊኖር የሚችለው መጠን በመሣሪያ ሊለካ እስከሚችለው ዝቅተኛ ደረጃ እንዲወርድ ወሰነ። ደንቡ ከመጋቢት 2026 ጀምሮ እንዲፈጸም የተወሰነ ሲሆን ከውጭ የሚገባውንም ምርት ይጨምራል። ምክንያቱ የተመጋቢው ጤና ብቻ ሳይሆን በሌላ አገር የሚሞተው አዳቃይ ነው። ወደ አውሮፓ ቡናና ቅባት እህል የምንልክ ሰዎች ይህን ከጉምሩክ በር ላይ ከመማር አሁን ብናነበው ይሻላል።

የእኛ ቤት

እኛስ ምን አለን? ሕግ አላጣንም። በ2009 የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660 ወጥቷል። በ2010 የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ተከትሎታል። ስለ አደገኛ ኬሚካሎች ንግድ የሚደነግገውን የሮተርዳም ኮንቬንሽንም ተቀብለናል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚዎቹ ነን፤ ጠጃችንም ጧፋችንም ከንብ ነው።

ችግሩ ንብን የምናያት በማር በኩል ብቻ መሆኑ ይመስለኛል። ስለ ንብ ሲወራ የሚቆጠረው የቀፎ ብዛትና ወደ ውጭ የተላከው ኪሎ ነው። የቀፎ ቁጥር መጨመር ግን የአዳቃዮች ደኅንነት ማረጋገጫ አይሆንም። በዓለም ደረጃ የማር ንብ ቀፎዎች ባለፉት 50 ዓመታት ቁጥራቸው ጨምሯል፤ በዚያው ጊዜ በጥናት በተፈተሹ ብዙ አካባቢዎች የዱር ንቦች ተመናምነዋል። በ2013 በ41 የሰብል ሥርዓቶች ላይ የታተመ ጥናትም የዱር ነፍሳት ጉብኝት ፍሬ በማስያዝ ረገድ ከማር ንብ በእጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል። እነዚህን ማንም አያንባቸውም፤ ስለዚህ ሲሞቱ ክስ የሚያቀርብ ባለቤት የላቸውም።

የተባይ መድኃኒት ሲረጭ ደግሞ «ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት ይፈጸማል። ለአባጨጓሬ የታሰበው ለንቧም ይደርሳታል። የአረም ማጥፊያው ደግሞ በቀጥታ ባይገድላትም በማሳው ዳር የምትቀስመውን አበባ ያጠፋባታል። ገበሬውን ግን አልኮንንም። አዝመራው ዓይኑ እያየ በተባይ ሲበላ እጁን አጣጥፎ ተቀመጥ ሊለው የሚደፍር ቢኖር ደመወዝተኛ ብቻ ነው። የሚያስፈልገው መቼና እንዴት እንደሚረጭ የሚነግረው ሰው ነው። ንብ የምትሠራው በቀን ነው። አበባ ላይ አለመርጨት፣ የግድ ከሆነም ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ መርጨት፣ ለንብ አናቢ ጎረቤት ቀድሞ መንገር፤ ሦስቱም ወጪ የላቸውም። ኬሚካል የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ደግሞ «ለንብ አደገኛ ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋና በሚታይ ፊደል ጠርሙሱ ላይ መኖሩን ቢያረጋግጥ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም ከማዳበሪያው ምክር ጋር ይህንን ቢጨምር፣ የሔጉ መርሐ ግብር ሁለተኛ ነጥብ ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን ቀበሌ ደረሰ ማለት ነው።

ወደ አዛውንቱ ልመለስ። ክስ አልመሠረትንም። እውነቱን ነገርኳቸው፤ በማስረጃ ጉድለት እንሸነፋለን፣ ለጠበቃ ያወጡት ገንዘብም ይቀራል አልኳቸው። ቅር ብሏቸው ሄዱ። በኋላ እንደሰማሁት ጉዳዩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። ሽማግሌዎቹ ላቦራቶሪ አልጠየቁም። ጎረቤትየው ለሦስት ቀፎ ንብ መግዣ እንዲከፍል፣ ከዚያ ወዲህ አበባ ላይ እንዳይረጭ፣ ከረጨም ማታ እንዲረጭና ከአንድ ቀን በፊት ልጁን ልኮ እንዲያስታውቅ፣ አዛውንቱም በዚያ ሌሊት የቀፎዎቻቸውን አፍ እንዲዘጉ ወሰኑ። ስለ ናይሮቢም ስለ ሔግም አልሰሙም፤ አዋጅ ቁጥር 660ንም አላነበቡም።

ባለፈው ዓመት አዛውንቱ ስልክ ደውለውልኝ ነበር። ጎረቤታቸው ቃሉን ጠብቋል፤ ቀፎዎቻቸውም አሥራ አንድ ደርሰዋል። ደስ አለኝ። ከዚያም ስለ ጣዝማ ጠየቅኋቸው፤ ያቺ መሬት ውስጥ የምትኖረውና የማትናደፈው ትንሽ ንብ፣ ማሯን ለመድኃኒት የምንፈልገው። ከወንዙ ዳር ካለው ተረተር ላይ በልጅነታቸው ይቆፍሩ እንደነበር አጫውተውኝ ስለነበር ነው።

«እሷንስ ካየኋት ቆየሁ፤» አሉኝ፤ «የኔ ስላልሆነች ለሽማግሌም አልነገርኩ።»